ለቅሶው ቅዳሜ ነው

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.
ናዝሬት

ጠዋት ከመልካሳ አሥራ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ገባ። አንዱ ረጥቦ ስለመጣ መለስኩት። እስከ ረፋድ ሰባቱ ተሸጠ። በማስታወሻዬ ላይ የዛሬው ቀን እዚህ ያበቃል፤ የቀረው እዚያ የሚጻፍ ስላልሆነ ላንተ ጻፍኩት።

ወንድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀት ትንሽ በረደልህ? ወገብህስ? እኛ ደህና ነን። ባለቤትህ ዘርፉም፣ ልጅህ የሺዓለምም ደህና ናቸው። የዛሬውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው አዳራሽ አዲስ የመጣ የኮምፒዩተር ድርጅት ሠራተኛ ለመቅጠር እየጠየቀ ነበር። ማሽኑ ውድ ነውና ሁሉም ዋሱን ይዞ ይቅረብ ተብሏል። የሺዓለም እኔን ያዘች። ትምህርት ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ሁለት ዓመቷ ነው፤ "ይህ ካመለጠኝ እትዬ፣ ሽንኩርትሽን ስለቅም ማርጀቴ ነው" ትለኛለች።

ተጠይቀው የወጡት ሱቄ ደጅ ቆመው ያወራሉ። አበበች የምትባል ልጅ፣ ማሽኑ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ አንዴም አልገለጡልንም አለች። ስለ እሱ አንድ ጠይቀው የቀረው ሁሉ ስለ ዘመድ ነው። ሰብስቤ የሚባለው ደግሞ ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። ኻርቱም አጎት አለኝ ቢል፣ ውጭ አገር ዘመድ ያለው አይሆንም ብለው ወረቀቱን መልሰው ሰጡት። አበበች፣ "አጎትህን ዛሬ ምን አስታወሰህ?" አለችው። "ሲጠይቁኝ ናፈቀኝ" አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ የሺዓለም ብቻ አልሳቀችም። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

እሷ ገብታ ብዙም ሳትቆይ እኔ ተጠራሁ። ከጠያቂዎቹ መካከል ቀበሌውን ወክሎ የእድራችን ዳኛ አቶ ተክለሃይማኖት ተቀምጧል። አባትሽ የት ነው ሲሏት ሞቷል ብላለች። የጠያቂዎቹ ሊቀመንበር፣ መቼ ቀበራችሁት ብሎ ወደ ተክለሃይማኖት ሲዞር፣ እሱም ሳያስብ፣ በእኛ እድር እንዲህ ያለ ሰው አልተቀበረም ብሎ አረፈው። ልጅህ ሁሉን አስባ እድሩን ረሳችው።

ሊቀመንበሩ፣ "እህቱ እርስዎ ነዎት። ወንድምዎ ሞቷል ወይስ አልሞተም?" አለኝ።

የሺዓለም መሬት መሬቱን ታያለች። ድምፄ ሽንኩርት እንደምሸጥበት ነበር።

"ሞቷል" አልኩ። "ሐረርጌ ነው የተቀበረው። መርዶው የደረሰኝ ትናንት ነው፤ እድሩ ገና አልሰማም።"

ተክለሃይማኖት አየኝ። ባለፈው ወር የላክህለትን ምላጭ በእጁ የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ዛሬ በእሱው ተላጭቶ ነበር የመጣው። ጉንጩን ዳሰሰ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና፣ "እንግዲያው ለቅሶው ቅዳሜ ነው። ድንኳኑን እኔ አስተክላለሁ" አለ። ጓድ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ብድግ ብሎ ነፍስ ይማር አለኝ። ልጅህ ከሣልስት በኋላ፣ ማክሰኞ ሥራ ትግባ ተብላለች።

ከዚያ ሁሉ የከበደኝ ለዘርፉ መንገር ነበር። ትጮህብናለች ብዬ ነበር። ሳጥኗን ከፍታ ጥቁር ቀሚስ አወጣች። ካሰፋሁት አምስት ዓመቴ ነው አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም፤ አንተም አትጠይቃት።

ከእንግዲህ በስምህ አትጻፍ፣ ፎቶም አትላክ። ይህን፣ ጅቡቲ የምትመላለሰው ነጋዴዋ ፋዲላ በባቡር ይዛልህ ትመጣለች፤ አንብበህ አቃጥለው። ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ቅዳሜ ስቅ ካለህ ስምህን የምንጠራው እኛ ነን።

እህትህ

ነገ ጠዋት ወደ ደራ መሄድ፤ ለቅዳሜው ንፍሮ የሚሆን ስንዴ መግዛት።