ከመስታወቱ ማዶ የተነበበ ጸሎት

ውድ እትዬ፣

ሰላምታውን ኋላ አደርሳለሁ፤ ይቅር ይበሉኝና አስቀድሜ ወሬውን ልንገርዎ። ወንድምዎ ጸለየ።

አልተፈታም። ይህን ቶሎ የምለው የመጀመሪያውን መስመር አንብበው፣ መነጽርዎን ጥለው ወደ ጎረቤት እንዳይሮጡ ነው። እዚያው ነው ያለው፤ ይግባኙም ውድቅ ሆኗል፤ እሱንም እነግርዎታለሁ። ግን ጸለየ፤ በዓይኔ አየሁት። ከማረሚያ ቤት መመለሴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ፊደሌ ቢንጋደድ በደስታ ነው እንጂ ሌላ አይምሰልዎ። በስልክ እንዳልነግርዎ ደግሞ፣ እርስዎ በስልክ ሲሆኑ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያሉ ሰፈሩን በሙሉ ያሰማሉ። ይህ የሚጮህበት ወሬ አይደለም።

እርስዎ በላኩብኝ መልእክት ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ከሳ ወይ፣ በረደው ወይ አይሉም። «ይጸልያል?» ብቻ ነው። እኔም «ደህና ነው፤ ሰላም ይልዎታል» እያልኩ አልፈዋለሁ። መዋሸት አልችልም፤ እውነቱን ለመጻፍም እጄ እሺ አይለኝም። እናታችሁ ከሞቱ በኋላ ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። መኝታው አጠገብ ተቀምጠው ጸሎት ያስለመዱት እርስዎ ነዎት። እንዴት አድርጌ «ልጅዎ እግዚአብሔርን አኩርፏል» ብዬ ልጻፍልዎ?

ቢያኮርፍስ ይፈረድበታል? የጥጥ መጋዘኑ በተቃጠለ ቀን ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሲሮጥ እሱ ወደ ውስጥ ገባ። የመጋዘኑን ጠባቂ ጀርባው ላይ አዝሎ አወጣው። ጠባቂው ጢሱ ውስጥ ራሱን ስቶ ስለነበር ማን እንዳወጣው እንኳ አያውቅም። ኋላ ምርመራው ሲመጣ፣ ያቃጠለው እሱ ነው፣ ከእሳቱ በፊት እዚያ አካባቢ መፍቻ ይዞ የታየው የፋብሪካው መካኒክ እሱ ነው ተባለ። የመብራቱ ገመድ አርጅቷል፣ አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል እያለ አለቆቹን መነዝነዙም «ዝቶ ነበር» ተብሎ ተተረጎመበት። በመጀመሪያው ሰሞን ይጸልይ ነበር። ፍርዱ የተነበበ ዕለት ግን፣ «እኔ የማላውቀውን ሰው ከእሳት አወጣሁ። እግዚአብሔር ግን የሚያውቀኝን እኔን ማውጣት አቃተው» አለኝና ጸሎቱን ዘጋው።

እንዴት እንደዘጋው እንዲገባዎ፣ ስለ እኛ ስለ ፋብሪካ ሰዎች አንድ ነገር ልንገርዎ። አንድ ጊዜ እኛ ቤት መጥተው፣ «እናንተ ቤት ዲዳ ገብቷል እንዴ?» ብለው የሳቁብን ትዝ ይልዎታል? የሽመና ማሽኖች ሲነሱ ጆሮ ስለማይሰማ እኛ የምናወራው በከንፈር ነው። ድምፅ አናወጣም፤ አፋችንን ሰፋ አድርገን ቃሉን እንቀርጸዋለን፣ ያኛው ከአዳራሹ ጫፍ ሆኖ ያነበዋል። ልማዱ ከፋብሪካው በር ጋር አብሮ አይዘጋም፤ ገበያ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይከተለናል። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ሆኜ ለጓደኛዬ «ይህ ስብከት ከማታ ፈረቃ ይረዝማል» አልኳት፤ በከንፈሬ ነው፣ ማን ይሰማኛል ብዬ። ፊት ለፊት ከዘማሪዎቹ ጋር የተቀመጠችው የሰባኪው ሚስት ሳቋን መያዝ አቅቷት አፏን ይዛ ወጣች። ለካ ከማግባቷ በፊት እኛው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርታለች።

እንግዲህ በከንፈር የሚያወራ ሰው፣ አልሰማም ሲል ጆሮውን መድፈን አያስፈልገውም። ፊቱን ያዞራል፤ በቃ። ወንድምዎም እንዲያ ነበር የሚያደርገኝ።

የመጠየቂያው ክፍል ረጅም አዳራሽ ነው፤ መሃሉን ወፍራም መስታወት ይከፍለዋል። ከመስታወቱ በታች ድምፅ ማሳለፊያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ተደፍቶ ይጮኻል። አንዱ ስለ ጠበቃ፣ አንዷ ስለ ልጅ ትምህርት፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ሽመና ክፍል ይበሉት። እኔና እሱ ብቻ ቀጥ ብለን ቆመን ያለ ድምፅ እናወራለን። ስለ ቤቱ ስነግረው ከንፈሬን እያየ ይከታተላል፣ ስለ ጎረቤት ስነግረው ይስቃል፣ ስለ እርስዎ ስነግረው ዓይኑ ይበራል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ስል ግን ወደ ግድግዳው ይዞራል። ትከሻውን እያየሁ እቆማለሁ። ከዚያ ወዲያ ብናገር ለማን ነው? ሰዓቱ እስኪያልቅ ዞሮ የቆመበት ቀን አለ።

አንዷ የጥበቃ ፖሊስ ይህን ስታይ ከርማ፣ አንድ ቀን ስወጣ በሩ ላይ ጠብቃኝ «እናቴ፣ እንዲህ እየተመላለሱ አንድ ቃል ሳትነጋገሩ ነው የምትለያዩት» አለችኝ። «ምን ቢበድልዎ ነው? ኧረ ይማሩት። የታሰረ ሰው እኮ ነው።»

«አልበደለኝም፤ እያወራን ነው» አልኳት።

«እሺ ይሁን» አለችኝ እያዘነችልኝ።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። እየተቻኮልኩ ብዙ ቀባጠርኩ።

ጠበቃው ከትናንት በስቲያ አስጠርቶኝ፣ «እናቴ፣ ይግባኙን ዘግተውታል። ከዚህ በላይ የምንሄድበት በር የለንም» አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ማሽኔ ፊት ቆሜ ዋልኩ፤ ክሩ ሲበጠስ እቀጥላለሁ፣ ሲበጠስ እቀጥላለሁ። ዛሬ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ የተተኮሰ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምሄደው፤ ስታለቅሺ ነበር እንዳይለኝ። ግን እንዴት እንደምነግረው አላውቅም ነበር። ይህን ሰምቶ ከእኔም ፊቱን ቢያዞርስ? እስከ ዛሬ የዞረው ከእግዚአብሔር ነበር፤ ከእኔ ደግሞ ከዞረ ወደ ማን ሊያይ ነው? ያስፈራኝ ይሄ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊቴ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ቆሟል፤ አያትየዋ ቀዳዳው ላይ ተደፍተው «ስማ፣ እህትህ የምታገባው ያንን ጸጉር አስተካካይ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» እያሉ ይጮኻሉ። ተራዬ እስኪደርስ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጸለይኩ።

እትዬ፣ የሽመና ሴት ስትጸልይ ከንፈሯ አያርፍም። ድምፅ የለውም እንጂ ቃሉ ሁሉ አፏ ላይ ነው። እኔም ከንፈሬ እንደሚነበብ ረሳሁት። ለእግዚአብሔር ብቻ የምነግረው መስሎኝ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል። ምን ይዤ ነው ፊቱ የምቆመው? ይግባኙን ዘጉት። አንተም ዝም አልክ። እሱ አንተን አያናግርህም፤ እኔ ብቻዬን ለሁለት ሰው ማመን ከበደኝ። አንዳንድ ቀን ስጠራህ ባዶ ቤት የማንኳኳ ይመስለኛል። ግን ሌላ የማንኳኳው በር የለኝምና አልሄድም። ባታስፈታውም አትተወው። እኔንም ዛሬ እሱ ፊት እንዳልወድቅ ያዘኝ።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ከዚያ ቤተሰብ ትከሻ በላይ፣ ከመስታወቱ ማዶ፣ ወንድምዎ ቆሟል። ለካ ቀድመው አስገብተውት ኖሯል። እያየኝ ነው። አሁን ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ።

አልዞረም። ከንፈሩ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ «አሜን» አለ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ።

ሰዎቹን እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም፤ የአያትየዋን እግር ረግጫለሁ መሰለኝ። መስታወቱ ጋ ደርሼ «ከየት ጀምረህ ነው ያየኸው?» አልኩት።

«‹ደክሞኛል› ካልሽበት።»

ከመጀመሪያው ነው ማለት ነው። «ይግባኙን...» ብዬ ስጀምር «አይቻለሁ» አለ። «እሱን ተይው። አንቺም ይደክምሻል እንዴ?»

«ምን መስዬህ ነበር?»

«ብረት» አለኝ። መካኒክ አይደል፤ «ዘይት የማይፈልግ ማሽን» ብሎ ጨመረበት። ልሳቅ ላልቅስ ሳላውቅ መሃል ላይ ቀረሁ። እሱ ግን አልሳቀም። እንዲህ አለኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልዎ፦ «ሁልጊዜ ስትመጪ ፊትሽ የታጠበ ነው። ‹እግዚአብሔር ያውቃል› ትይኛለሽ። ላንቺ ስለሚቀልሽ ይመስለኝ ነበር። አንቺና እሱ አብራችሁ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማችሁ፣ እኔ ብቻዬን ከዚህ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር።»

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ጥንካሬዬን እያሳየሁ ሳበረታታው ነበር የመሰለኝ። ሰውየው የፈለገው ከጎኑ የሚደክም ሰው ነበር። እርስዎም «ይጸልያል?» ሲሉኝ፣ «አንቺስ?» ብለው ቢጠይቁኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ። ወቀሳ እንዳይመስልዎ፤ ዛሬ አፌ ስለተፈታ ነው።

ከዚያ «ቆይ» አለኝ። አንገቱን ደፋ አደረገና መልሶ ቀና አለ። በከንፈር ለሁለት ሲጸለይ ለካ ዓይን አይጨፈንም፤ እሱ ቢጨፍን አሜን ማለቴን አያይም፣ እኔ ብጨፍን ጸሎቱን አልሰማም። ስለዚህ ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ጸለየ፦

«አልታረቅሁህም። አስቀድሜ ልንገርህ። ያላደረግሁትን ተሸክሜ ነው የቆምኩት፤ አንተም ታውቃለህ። ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም፣ እኔም መጠየቄን አልተውም። ግን ይቺ ሴት ባዶ ቤት አታንኳኳ። ክፈትላት። ለእኔም...» እዚህ ሲደርስ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ማንበብ አቃተኝ። ትንሽ ቆይቶ «መጨረሻውን ረሳሁት» አለኝ።

«ይበቃል» አልኩት።

«አይበቃም። እትዬ የምትጨርስበት አንድ ነገር ነበራት። እንደ ጎረቤት ነበር የምትሰናበተው።» አሰበ፣ አሰበ፤ ከዚያ ፊቱ ሁሉ በራ። «‹ነገም እንመጣለን።›»

እንዲያ ብለው ነበር እንዴ ጸሎት የሚጨርሱት? ነግሮኝ አያውቅም። እርስዎ መኝታው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እሱ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ሁለታችሁም ለእግዚአብሔር «ነገም እንመጣለን» ስትሉት ታየኝ። ያኔ ነው የታጠበው ፊቴ የተበላሸው። እሱም አለቀሰ። እየተያየን አለቀስን፣ ከዚያ ደግሞ በምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳቅ መጣብን።

ያቺ የጥበቃ ፖሊስ መጥታ ከጎኔ ቆመች። እሱን አየች፣ እኔን አየች። «ተመስገን፤ ታረቃችሁ» አለች።

«እኛ እንኳ ደህና ነን» አልኳት። «የቀረው ከላይኛው ጋር ነው።» ምን እንደገባት እንጃ፣ ጥቂት ደቂቃ ጨመረችልን።

በዚያች ደቂቃ ለእርስዎ የላከው መልእክት ይህ ነው፦ «እትዬ ስትጠይቅሽ አትዋሺያት። እሱና እግዚአብሔር ተጣልተዋል፣ ግን ይነጋገራሉ በያት።» እኔም እንዳለው ጻፍኩት።

አይታለሉ፤ ከባድ ነገር ነው ከፊታችን ያለው። ጠበቃው ሌላ በር የለም ብሏል። ሰውየው ዛሬም የሚያድረው እዚያው ነው፣ እኔም ነገ የጠዋት ፈረቃ አለብኝ። ነገሩ እንደገና ይመረው ይሆናል፤ እኔንም ይደክመኝ ይሆናል። ሲደክመኝ ግን ፊቴን ታጥቤ አልሄድም፤ ይህን ቆርጫለሁ። እርስዎም ከእንግዲህ ጉልበትዎን ሲያምዎት፣ ብቸኝነቱ ሲከብድዎ «ደህና ነኝ» እያሉ አይሸፋፍኑልኝ። ይጻፉልኝ። አብሬዎት ልድከም።

ድሮ ከመታሰሩ በፊት፣ ቤታችን ውስጥ ማታ የምንጸልየው በተራ ነበር፤ አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ። እሱ ከሄደ በኋላ ተራው ሁሉ የእኔ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ሲለየኝ ይህን አስታወሰኝ፤ ወደ በሩ እየወሰዱት ዘወር ብሎ፣ «የዛሬውን የጀመርሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አገዝኩሽ ብቻ። የሚመጣው እሁድ ተራው የእኔ ነው» አለኝ።

ስለዚህ እሁድ ገና በሩ ሳይከፈት እሄዳለሁ። ከማንም ቀድሜ መስታወቱ ፊት ለፊት እቆማለሁ፤ አንድ ቃል እንኳ እንዳያመልጠኝ። ያለውን ሁሉ እጽፍልዎታለሁ።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ከእሱም ከእኔም፣
የወንድምዎ ሚስት