በመስተዋት ውስጥ የተቀዳ ባሕር

መስከረም 14
ለባሌ ለዊልኖ ዓሣ ሽሪምፕ በደቃቁ ከትፌ ሰጠሁት። ዓሣው ግማሹ ወይን ጠጅ፣ ግማሹ ቢጫ… ከሁለት ጨርቅ የተሰፋ ይመስላል። ዛሬም መስተዋት ገንዳው ውስጥ ካለው ድንጋይ ሥር ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንጠልጥሏል። ያመጣልኝ ቀን “ሞቷል!” ብዬ ስጮህ ዊልኖ በሳቅ ሊሞት። “አንቺ ደግሞ! እዚያ ታች እኮ ላይና ታች የለም።”

ዊልኖ የጌጥ ዓሣ ሊለቅም ባሕር ጠልቆ ከቀረ የፊታችን ጥቅምት 20 ቀን አንድ ዓመት ይሞላዋል። በማግስቱ እንደ ወጋችን ነፍሱን ከውኃ በታች አስጠርተን በማሰሮ ወደ ቤት እናመጣለን። ያን ቀን ያልተጠራ እዚያው ቀረ ማለት ነው።

መስከረም 17
የገንዳው ውኃ በሙቀቱ ጎደለ። እንደ ወትሮው ዊልኖ ከጠለቀበት ቦታ በባልዲ ቀድቼ ሞላሁት።

መስከረም 22
ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መስተዋቱ ተንኳኳ። ሁለቴ። ዊልኖ ለምሳ ሲገባ ዓሣውን በቀለበቱ እንዲህ እያንኳኳ ነበር የሚጠራው። ቀለበቱ ግን አብሮት ነው የቀረው… ሩዙ ከእጄ ወደቀ።

መስከረም 23
ዛሬም። ሁለቴ።

መስከረም 29
ዓሣው ያለከልካል፤ አይበላም። ከዊልኖ ጋር ይጠልቅ የነበረውን ሜሪሉስን ጠራሁት። ውኃውን ቀምሶ ተፋው።
“ሲጎድል ምንድን ነው የምትጨምሪው?”
“የባሕር ውኃ። የባሕር ዓሣ አይደል እንዴ?”
“የኛ ሰው! ባሕር ደጁ ስለሆነ ሌላ ውኃ አይታየውም። ፀሐይ ውኃውን እንጂ ጨዉን አትወስድም። የዝናብ ውኃ ጨምሪበት፣ እህቴ።”

ስለ ኳኳታው ነገርኩት። ከድንጋዩ ቀዳዳ አንዱ መቆንጠጫዋ ከራሷ የሚበልጥ ትንሽ ሽሪምፕ አወጣ። “እሷ ናት በመቆንጠጫዋ እንዲህ የምታጮኸው። ይኸውልሽ ባልሽ!” ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ይዟት ሄደ።

ጥቅምት 2
ስድስት ሰዓት። ጸጥ። ኳኳታው ናፈቀኝ… አብጃለሁ መሰለኝ?

ጥቅምት 9
ተንኳኳ። ሁለቴ።
ሜሪሉስ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ምንም የለም። ዛሬ አልቀለደም። “ዓሣውን ልቀቂው” አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።
እምቢ አልኩ። ይሄ ከወጣ ቤቱ ውስጥ ማን ቀረኝ?

ጥቅምት 21
ሙታን ጠሪዋ ማንቦ አልቲና ነጭ ድንኳን ውስጥ ውኃ ላይ ጎንበስ ብላ ሙታኑን በየስማቸው ጠራች። የጎረቤቴ እናት በማንቦዋ አፍ መለሰች። የዳቦ ጋጋሪው ወንድምም መለሰ። የእያንዳንዳቸው ነፍስ በተዘጋጀለት ማሰሮ ውስጥ ገባ።
ዊልኖ ሦስቴ ተጠራ። ዝም።
አልቲና ወጥታ ክንዴን ያዘችኝ። “ማዳም ዊልኖ፣ ባልሽ ባሕሩ ውስጥ የለም። የጠለቀበትን ውኃ የት ነው የወሰድሽው?”
ሁሉንም ነገርኳት።
“በባልዲ እያወጣሽ ቤትሽ አስገብተሽዋል፣ ልጄ። ነገ ጠብታ ሳታስቀሪ መልሺው። ያኔ እጠራዋለሁ።”

ጥቅምት 22
ጠዋት አንድ ኩባያ ውኃ አልጋ ሥር ደበቅሁ። ጀልባው ላይ ልወጣ ስል እግሬ እምቢ አለኝ። ተመልሼ ኩባያውንም አመጣሁ።
የቀዳሁበት ቦታ ላይ ሁሉንም ደፋሁት። ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ እንዳደረገ ወደ ጨለማው ወረደ። ሜሪሉስ ባርኔጣውን አወለቀ።
አልቲና ጠራች። በአፏ የመጣው ድምፅ የዊልኖ ነው። የራሱ።
“ኢዝሜኒ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ሳንኳኳ ምነው ሳትከፍቺልኝ?”

ጥቅምት 23
ገንዳው ደርቋል፤ ጥግ ጥጉን ጨው ይዞታል። ዊልኖ የገባበት ማሰሮ መደርደሪያው ላይ ነው።
ስድስት ሰዓት ሲሆን ሩዝ ለሁለት አወጣሁ። ማሰሮውን በቀለበቴ ሁለቴ አንኳኳሁ። ዛሬ ተራው የኔ ነው።
ጠበቅሁ…
ከውስጥ መለሰልኝ።