የሰርፀ ሲሞኖቭና ሦስቱ መነጽሮች

ለወንድም ዓለሜ ለአክሊሉ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እሺ ይልሃል? የርብቃ ወገብ ተሻለው ወይ? ኑሃሚንና ፀጋአብ ደኅና ናቸው? ስኳርህንስ ትለካለህ፣ ወይስ ዛሬም ካልነካሁት አይነካኝም እያልክ ነው? እኛ፣ ማለቴ እኔና ሰርፀ፣ ልጃችን እድላዊትም፣ ተመስገን ደኅና ነን። ለሰላምታ ደንብ ብዬ አይደለም ደኅና ነን የምልህ። ዘንድሮ ደኅና መሆን ምን ማለት እንደሆነ ስለገባን ከልቤ ነው።

በስልክ ስንገናኝ ግማሹ ጊዜ ይሰማሃል አይሰማሽም ስንባባል ያልቃል፤ የቀረውን አንተ በቀልድ ትጨርስብኛለህ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ዘገዬ አሰላ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ነው ሲባል ጊዜ እንደ ድሮው በወረቀት ልጽፍልህ ቆረጥኩ። ወረቀት መሃል ላይ አይቋረጥም፤ አንተም ጣልቃ አትገባበትም።

የምጽፍልህ ስለ ጠመንጃ ነው፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው እንደምትደርስ አልጠራጠርም። ሰርፀ ጠመንጃ ገዛ። ያ ጠመንጃ ደግሞ ሊጠፋ የደረሰ ዓይኑን አተረፈለት። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርህ።

ባለፈው ግንቦት እዚህ አትላንታ አጠገብ ኬኔሶ በምትባል ከተማ ጎማ በቅናሽ አለ ተባለና የመኪናችንን ጎማ ልናስቀይር ሄድን። እስኪቀየር ዞር ዞር ስንል አጠገቡ አሮጌ ጠመንጃ የሚሸጥ ሱቅ አገኘን። እኔ የገባሁት ፀሐዩን ሸሽቼ ነው። ሰርፀ ግን በሩ ላይ ተገተረ። ጥግ ላይ አንድ ሲሞኖቭ ከነሳንጃው፣ ቡናማ ግራሶ እንደተለወሰ ቆሟል። ያው አንተና እሱ በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ታጠቅ የሠለጠናችሁበት ዓይነት፣ ቃታውን በሳቡት ቁጥር አንዱን ተኩሶ ሌላውን ጥይት ራሱ የሚያጎርሰው። ጠፍቶ የተገኘ ዘመድ ያየ ይመስል እጁን ዘርግቶ ሄደ። የሱቁ ባለቤት ዴል የሚባል ጺማም ሽማግሌ ነው፤ ይህን ታውቀዋለህ ወይ ሲለው፣ ከሚስቴ በፊት ነው የማውቀው ብሎ መለሰለት። ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ብትንትኑን አወጣና መልሶ ገጠመው። ዴል አጨበጨበ። ፎርም ተሞላ፣ ስሙ ተጣራ፣ አፕሩቭ ተደረገ፤ በሁለት ጎማ ወጪ የተነሳን ሰዎች ጠመንጃ ይዘን ተመለስን።

እኔ ስቆጣ እንዴት እንደምሆን ታውቃለህ። በስድሳ ሁለት ዓመትህ የት ልትዘምት ነው አልኩት። ደግሞ እኮ የሆቴል ቫን ነጂ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እንግዳ ከኤርፖርት ሲያመላልስ ውሎ ወገቡን ይዞ ነው የሚገባው። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አክሊሉ በአንድ ጥይት በልጦኛል የሚባለውን ወሬ ሳላፈርስ አልሞትም አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት ጥይት አልረሳትም ማለት ነው! ስለዚህ ለሆነው ሁሉ ግማሹ ጥፋት ያንተ ነው።

ጠመንጃው ስንት ዓመት መጋዘን እንደተኛ እንጃ፣ ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ ግራሶ ጠጥቷል። ብረቱን በፈላ ውሃ ነው የሚለቀው ብሎ ዴል ነግሮታል፤ በማን ድስት ግን አልነገረውም። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ የዶሮ ወጥ ድስቴ ምድጃ ላይ ይንተከተካል። ባሌ ለአንድ ቀን እንኳ ወጥ ሠራልኝ ብዬ ክዳኑን ብከፍት፣ ሞላና ብሎን ከሥር ተዘርግፎ ላዩ ላይ ቡናማ ስብ ተንሳፏል። ከዚያ በኋላ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ዘገዬ መንገድ ላይ ደብዳቤውን ገልጦ ቢያይ ምን ይለኛል? በማግሥቱ አዲስ ድስት ገዛልኝ፣ አሮጌውም የጠመንጃው ሆኖ ጋራዥ ገባ።

እንጨቱን ደግሞ በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ጠቅልሎ መኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስተኛው። የዚህ አገር የሰኔ ፀሐይ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ነገር አይምርም፤ እንጨቱ የጠጣውን ግራሶ ሁሉ አላበው። ችግሩ ለሰኔ ሚካኤል ስንሄድ እዚያው ረስቶታል። ነጠላዬ ላይ የታተመው ግራሶ እስከ ዛሬ አለቀቀም፣ ከቅዳሴ በኋላም ሴቶቹ መካኒክ ሆንሽ እንዴ እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።

እንጨቱ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጎ አሸውና ከቆርቆሮ ዘይት ይቀባው ጀመር። ሽታውን የማውቀው መሰለኝ። ቆርቆሮውን አንስቼ ባነበው የተልባ ዘይት ነው! እኛ ለጨጓራ የምንጠጣውን ተልባ እሱ እንጨት ያጠጣል። እዚያ ላይ ሳቄ መጣ፤ አንዴ ከሳቅኩ በኋላ ደግሞ መቆጣት አልሆነልኝም። ዘይቱ በባዶ እጅ ነው የሚታሸው፣ አንድ ቀን ተቀብቶ አንድ ቀን ይደርቃል፣ እንዲህ ሰባት ጊዜ። ከሦስተኛው ጀምሮ እኔም ወንበር ስቤ አብሬው ማሸት ያዝኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን ያወራነው ያን ሰሞን ነው። እንጨቱ ቀይ ዳማ ሆኖ ወጣ፤ እኔም እውነቱን ልናገርና ወደድኩት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ጉጥ አልታየው አለች። ለዕድሜ ነው ብሎ ስኮፕ አዘዘ። እናንተ ታጠቅ ያላያችሁት ነገር ነው፤ ጠመንጃው ላይ የሚታሰር ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ሆኖ፣ ውስጡ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተሻግረው ይታያሉ፣ መገናኛቸውን ዒላማው ላይ አድርጎ መተኮስ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከላይ የጠመንጃው ክዳን ላይ አሰረው። ዴል ክዳኑ ስለሚነቃነቅ ስኮፑ ዚሮ አይዝም፣ በተኮስክ ቁጥር ከዒላማው ይንሸራተታል አለው፣ እውነቱንም ነበር። ስለዚህ ጎኑን በስቶ እንዲያስርለት ሰጠው፤ ሽማግሌው ኦርጂናል ጠመንጃ መብሳት ኃጢአት ነው እያለ እየተነጫነጨ በሳው። ስኮፑ ጸና። ሰርፀ ግን አሁን ደግሞ መስመሩ ተጣሟል፣ ሲሠሩት አበላሽተውታል አለ። ሪተርን አደረገና ሌላ አመጣ፤ እሱም ተጣሟል። ሦስተኛ ከሌላ ፋብሪካ አመጣ፤ ይሄም ተጣሟል። እኔ አየሁት፣ ቀጥ ብሏል። ሴት ስለ ስኮፕ ምን ታውቃለች አለኝ። ሦስት ፋብሪካ ተማክሮ ላንተ ብቻ አጣሞ ይሠራል ወይ ብለው፣ ሁሉም የሚሠራው አንድ ቻይና ነው ብሎ አረፈው።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ዴል ነገሩን ራሴ ልይ ብሎ የተኩስ መለማመጃው ድረስ መጣ። ሰርፀ አሥር ጥይት ተኮሰ፤ አራቱ ጭራሽ ወረቀቱን አላገኙትም። ዴል ሦስት ተኮሰ፤ ሦስቱም ሲኒ በሚከድነው ቦታ አረፉ። ሰርፀ፣ ቢዝነሱ ስለሆነ ነው፣ የተጣመመውንም ለምዶታል አለ። ይህን ጊዜ ዴል ወደ እኔ ዞረ። እኔ በዕድሜዬ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። ጆሮዬን ሸፍኖ በሆዴ አስተኛኝ፣ ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊና በቀስታ ሳቢ አለኝ። ሁለት ጥይት፣ ሁለቱም መሃል አጠገብ! እልል ልል አፌን ስከፍት የሰርፀን ፊት አየሁና ዋጥኩት። ዴል ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣ አሁን ቀኙን ጨፍንና በግራ ዓይንህ ተመልከት አለው። አንገቱን አዙሮ ተመለከተ። ከዚያ ቀጥ ብሏል አለ።

የመኪናውን ቁልፍ ሳልጠይቀው ሰጠኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። መንገድ ላይ ቀስ እያለ አወጣው፤ ከፋሲካ ወዲህ አንዳንዴ የአስፋልቱ መስመርም ይታጠፍበት ነበር። ቀቢዎቹ ሰክረው የቀቡት ይመስለኝ ነበር አለኝ። በየቀኑ አሥር ሰው ከኋላው ጭኖ! ዳር ይዤ አቆምኩና አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሮዝዌል ያለች የዓይን ሐኪም አየችው። የስኳር በሽታው ከዓይኑ ጀርባ፣ ምስል የሚያርፍበት ማያ ላይ ፈሳሽ አስቋጥሮበታል፤ ቀኙ ክፉኛ ተጎድቷል፣ ግራውም ጀምሮታል። እስከ ገና ቆይተህ ብትመጣ ኖሮ የጠፋውን መመለሴን እንጃ አለችው። በየወሩ ዓይኑ ላይ መርፌ ይወጋል። ጦር ሜዳ ውሎ የመጣው ሰውዬ የመጀመሪያውን መርፌ ሲያይ ቀለበቴ ጣቴን እስኪቆርጠኝ እጄን ጨመቀው። አሁን አራት ተወግቷል። ከወር ወር መስመሩ እየተቃና መጣ፤ ካለፈው ወር ወዲህ ቀን ቀን እንዲነዳም ፈቅዳለታለች። ስኳሩን ጠዋት ማታ ይለካል፣ ለስላሳ መጠጥ ቤታችን አይገባም። ያለፈው ቅዳሜ በቀኝ ዓይኑ አሥር ተኩሶ ዘጠኙን ክቡ ውስጥ አስገባ። ወረቀቱን አጥፎ ከደብዳቤው ጋር ልኮልሃል፤ ግድግዳ ላይ ይስቀልልኝ ብሏል። እኔ ደግሞ አሥሩም ቢስት ግድ አልነበረኝም፤ ማየቱ ነው የኔ ደስታ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጋዜጣ ማንበብ መተውህን ኑሃሚን ነግራኛለች። መጀመሪያ አምፖሉ ነው ብለህ ሦስቴ አስቀየርክ አሉ። ቀጥለህ የመነጽር ሠሪውን ሰውዬ ተጣላኸው። ከሰርፀ ጋር በአንድ ዓመት ነው ስኳር የያዛችሁ። እናታችንን ከቀበርን ወዲህ በልጅነት ስሜ የሚጠራኝ አንተ ብቻ ነህ፤ ቀልዱን ተውና ስለ እኔ ብለህ ታከም።

ለርብቃ የወገብ ቅባት ዘገዬ ይዞላታል፤ ቀርፋፋ ነው እንጂ ይሠራል በላት። ፀጋአብን ለመኪና ፈተናው እንኳን አለፍክ በልልኝ፤ የላክኩለት ሸሚዝ ከሰፋው ይታገስ፣ ይወፍራል። እድላዊት ሁላችሁንም በየስማችሁ ሳሚልኝ ብላለች፣ ሰርፀም እንዲሁ። ኑሃሚንዬ፣ አንቺን ለብቻሽ እስምሻለሁ። እንደምጠረጥረው ይህን ደብዳቤ እያነበብሽለት ያለሽው አንቺ ከሆንሽ፣ እዚህ ላይ አቁሚና ወረቀቱን ለአባትሽ ስጪው።

ወንድሜ፣ ከታች በማስመሪያ አንድ መስመር አስምሬልሃለሁ። መጀመሪያ አንዱን ዓይንህን፣ ቀጥሎ ሌላውን ሸፍነህ ተመልከታት። ከተጣመመችብህ ነገ ሳትል ከልጅህ ጋር ሐኪም ቤት ሂድ። እጇ ተንቀጥቅጦ ነው፣ ወረቀቱም ተጨማዶ ነው እንዳትለኝ፤ ሰርፀ በቀኝ ዓይኑ አይቶ ቀጥ ያለች ናት ብሏል።

____________________________

እህትህ አፀደ
ሎረንስቪል፣ አትላንታ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.