አንድ ስም የተጻፈባቸው ሁለት ጠርሙሶች

ዓለሜ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ንፋስ መውጫ እንደምታውቂያት ናት፤ ብርዱም ያው ነው። እናትሽ ከስማዳ መጥተው አብረውኝ ይኖራሉ። መጻሕፍትሽን ላስተማርሽበት ትምህርት ቤት ሰጥተናል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጠርሙሶችሽ ነው፤ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር።

ተማሪሽ ለነበረው ለሙሉቀን እንድሰጥልሽ አደራ ያልሽኝን፣ በላብራቶሪ የሠራሻቸውን የጨው ክሪስታሎች የያዙ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች አንድ ላይ ገለበጥኳቸው። ለአርባሽ ተዝካር እንግዳ ሊገባ ቤቱን ሳሰናዳ ነው። በሁለቱም ላይ የተጻፈው የጨው ስም አንድ ነበር፤ ጥግ ላይ ያሉት አንድና ሁለት ቁጥሮች የጠርሙስ መቁጠሪያ መሰሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሰው ያንቺን አንድ መስመር በትክክል አላነበብኩም።

ሙሉቀን ከዩኒቨርሲቲው መጥቶ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አገላብጦ አየው። ከዚያ አንቺ ስትነግሪኝ በግማሽ ጆሮ የሰማሁትን አስረዳኝ። ሁለቱም ጨዎች የተሠሩት ከአንድ ዓይነት የብረት ኮምፕሌክስ፣ ማለትም ብረቱን ሌሎች ሞለኪውሎች ከከበቡበት ውህድ፣ እና ከአንድ ዓይነት ራዲካል ነው። ራዲካል ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው ሞለኪውል ነው፤ መግነጢሱም ከዚያ ብቸኛ ኤሌክትሮን ይመጣል። ልዩነቱ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው አደራደር ነው። ራዲካሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከተጠጋጉ አንዱ የሌላውን መግነጢስ ያጠፋል፤ የሚቀረው የብረቱ ብቻ ነው። እኩል ተራርቀው ከቆሙ ግን የእነሱም ይኖራል። የመመረቂያ ጥናትሽ ፈታኝ የሁለተኛው ጠርሙስ የመግነጢስ ልኬት ከመጀመሪያው ቢለይበት ቆሻሻ ገብቶበታል ብሎ መለሰብሽ። አንቺ፣ አደራደሩ ነው አልሽ። ያለሽን ማስረጃ ሁሉ የደባለቅኩት እኔ ነኝ።

ያዳነን ቅርጻቸው ነው። አንዱ ቀጭን መርፌ፣ ሌላው ጠፍጣፋ ቅርፊት ይመስላል። በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተን፣ በማጉያ መነጽርና በወረንጦ ሦስት ቀን ለቀምን። ከሁላችን የበለጡት ምስር ሲለቅሙ የኖሩት እናትሽ ናቸው። ቅርፊቱን ከመርፌው ጋር ባስቀመጥኩ ቁጥር፣ «አየ ጋዜጠኛው! ፊደል ብቻ ነው እንዴ የሚታይህ?» ይሉኛል። ካንቺ በኋላ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። ልጄ የነካችው ነው ብለው አንዲት ፍንጣሪ እንኳ አላስጣሉም።

ባለፈው ሳምንት ውጤቱ መጣ። በኤክስሬይ ሲታይ፣ በቅርፊቶቹ ውስጥ ራዲካሎቹ ተጣምረዋል፤ በመርፌዎቹ ውስጥ እኩል ተራርቀው ተደርድረዋል። የመግነጢሱ ልኬትም እንዳልሽው ሆነ። ቆሻሻ አልነበረም። ጥናቱ በስምሽ ይወጣል። ሙሉቀን መደባለቁን ሳያነሳ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ይጻፍ አልኩ፤ ናሙናዎቹ በስሕተት ተደባልቀው በእጅ መለየታቸው እውነት ነውና።

እዚያ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። ሕመሙ የጠናብሽ ሰሞን፣ ሁለተኛውን ጠርሙስ ተይውና ጥናትሽን በመጀመሪያው ብቻ ጨርሺ ብዬሽ ነበር። እንድታርፊ አስቤ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን እኔም አላመንኩሽም። አልተቆጣሽም። ክዳኑን አጥብቀሽ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስሽው። ስምሽን ጥናቱን የሚያነቡ ሁሉ ያስታውሱታል፤ እኔ ደግሞ እስካለሁ ድረስ ያን ክዳን ሲያጠብቅ ያየሁትን እጅሽን አልረሳም።