ሒሳብ የሌለበት ትምህርት

ነሐሴ 10፣ ጧት

ዛሬም ዝናብ። እሳት ዳር ነኝ፣ አንተ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አምጥቻለሁ፤ የሒሳቡን ግን አትጠይቀኝ። የሒሳብ መምህራችን ሲነግረኝ ድምፁ የለቅሶ ቤት ነበር። ምን ላድርግ? ቁጥር ሳይ እጄን ያልበኛል። ስለዚህ ሒሳብ የሌለበት፣ እንጀራ ያለው ትምህርት እፈልጋለሁ። የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ት/ቤት ሄደን ምርጫ እንሞላለን።

ጓደኛዬ ብርቄ ሲቪክስ ልትሞላ ነው። መንግሥት የራሱን ትምህርት አይተወውም፣ መምህር ሁልጊዜ ይፈለጋል ትላለች። ዕድሜ ልክ ስለ መልካም አስተዳደር ማስተማር! ገና ሳስበው አዛጋሁ። ታሪክስ? የጎረቤታችን ልጅ በታሪክ ተመረቀ፤ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሥሩ ይተኛል።

ነሐሴ 11

አባባ ወሰኑ። ሕግ። እኔን አልጠየቁም። ሒሳብ የለውም ሲባል ሰምተዋል፣ በቃ። ሥራውም አያልቅም ይላሉ፤ መንዝ ውስጥ ሁለት ማሳ ጎን ለጎን እስካለ ፍ/ቤት አይዘጋም። ይህን የሚሉት በኩራት ነው! ከገዛ ወንድማቸው ከጋሽ ደምሴ ጋር በድንበር ተካሰው አራት ዓመት ያልተነጋገሩ ሰው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በተለያየ በር ነው የሚገቡት።

ነሐሴ 12፣ ከሰዓት

ዘመሮ ገበያ ላይ ጋሽ ደምሴ አስቆሙኝ። ሕግ ግቢ አሉኝ። የአባባን ቃል፣ ሳይቀንሱ። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ሁለቱ ሲስማሙ ከረጅም ጊዜ በኋላ ማየቴ ነው። ከዚያ ጠጋ ብለው፦ «ልጄ አይደለሽ? ጠበቃ ስትሆኚ የአጎትሽን እውነት ታወጪያለሽ።»

ለአባባ ነገርኳቸው። ሳቁ። «ይመኝ! ጠበቃዋ የማን ልጅ ሆና ነው?»

ገባኝ። ሙያ አልመረጡልኝም። ዱላ ነው የቆረጡት፣ ለየራሳቸው።

ነሐሴ 14

ድንበሩን ሄጄ አየሁት። ለዚህ ነው? አንዲት በግ ብትተኛበት እግሯ አጎቴ ማሳ ላይ ያድራል። ገብሱ ከወዲህም ከወዲያም ያው ገብስ። ሳቄ መጣ።

ግን ሌላ ምን ልሙላ? ማኔጅመንት ሒሳብ አለበት። ኢኮኖሚክስ ሒሳብ ነው። የሚያንገበግበኝን ልንገርህ፦ ሕግን እወደዋለሁ። እነሱ ሳይሉት በፊት ነበር የምወደው። አሁን አፌ ላይ የእነሱ ምራቅ ሆነብኝ።

ነሐሴ 15

አልተኛሁም። ሲነጋ አንድ ነገር ታየኝ። ለአንተም ገና አልነግርህም። ፈራሁ።

ነሐሴ 16፣ ከምሳ በኋላ

ጾም ተፈታ። እማዬ ጋሽ ደምሴን ለምሳ ጠራቻቸው፤ መጡ። እኔን ሊመርቁ እንጂ አባባን ሊያዩ አይደለም። ሰላምታው ራሱ በእማዬ በኩል ዞሮ ነው የደረሰው። አንድ ትሪ ቀረበ። ሁለቱም ጠበቃዬ እያሉ ያጎርሱኛል፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። ሊያሳርዱኝ የሚቀልቡኝ መሰለኝ።

ዋጥኩና ተናገርኩ። ነገ ሕግ እሞላለሁ። ግን ጠበቃ አልሆንም፣ ዳኛ እሆናለሁ፤ ደመወዙም የመንግሥት ነው። ዳኛ ደግሞ የሥጋ ዘመዱን ክርክር አያይም። ያዛጋሁበት ሲቪክስ ነው ያስተማረኝ። የእናንተ መዝገብ ሲመጣ ከችሎት ተነሥቼ እወጣለሁ አልኳቸው።

የአባባ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ሰማህ፣ ደምሴ?»

«ሰማሁ እንጂ! ድሮስ ያቀበጧት እርስዎ አይደሉ፣ ወንድም ጋሼ?»

ወንድም ጋሼ! አራት ዓመት የዋጡት አጠራር፣ በንዴት አመለጣቸው።

«እኔ? ት/ቤት ትግባ ብሎ የጨቀጨቀኝ ማነው?»

ጓዳ ገብቼ ነው የምጽፍልህ። እጄን ያልበኛል፣ ቁጥር በሌለበት። ሁለቱም እኔን ያማሉ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል። እማዬ ጠላ ልትቀዳላቸው ገብታ፣ እንዳትወጪ አለችኝ በሹክሹክታ፤ ገና እየተነጋገሩ ነው።