ሦስተኛው ብርጭቆ

ሐሙስ፣ ማጆ 9

የሮማ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍት ነው። ሐበሻው ወደ ሐበሻ፣ ፊሊፒኖው ወደ ፊሊፒኖ። እኔ በእማ ሐበሻ፣ በፓፓ ፊሊፒኖ፣ ግማሽ ግማሽ... በየቱ ትራም ልሂድ? ዛሬ ወደ ፓፓ ሰዎች ሄድኩ። እህቱ ቲታ ሎርና የአገራቸውን የብርጭቆ ጭፈራ ታስተምራለች። ውኃ ያለባቸው ሦስት ብርጭቆዎች፤ ሁለቱ መዳፍ ላይ፣ አንዱ ራስ ላይ። “አባትሽ በመንደራችን የሚያህለው አልነበረም” አለችኝ። ለኔ ነግሮኝ አያውቅም።

የሷን ውኃ በኮምጣጤ ቀየርኩት። ጠብታ ሳታፈስ ጨፈረች። ከዚያ ጠማትና ጠጣችው።

እሑድ፣ ማጆ 12

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ፓፓ ጣልያንኛው ጠፋበት። ከእማ የለቃቀማት አማርኛም ጠፋች። የቀረው የመንደሩ ቋንቋ ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ቃል አልችልም።

ድሮ አንድ ጫማዬን ይደብቅብኝ ነበር። ሕጉ፦ የጠፋበት ሰው መጥቶ የደባቂውን ኪስ ይፈትሻል። ዛሬ ነጠላ ጫማውን ደበቅኩበት። ባዶ እግሩን እያየ ቁጭ አለ። ኪሴን አልፈተሸም። ራሴ አጠለቅኩለት...

ሐሙስ፣ ማጆ 16

ተወሰነ። በሚቀጥለው ወር፣ ጁኞ 6፣ ቲታ አገሩ ትወስደዋለች። እማ የሰው ሽማግሌ ስታጥብ ትውላለች፤ የሷን ባል ቀን የሚጠብቅላት የለም።

“እኔስ?” አልኳት።

“አንቺማ አንድ ቦታ መቼ ትቀመጫለሽ፣ ልጄ።”

እውነቷን ነው። ሳይሄድ ፊቱ እጨፍራለሁ። ጭፈራውን ካወቀው፣ እኔንም ያውቀኝ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ማጆ 23

“ትከሻሽን አስተኚው” ትላለች ቲታ። አይተኛም። በሐበሻ ሰርግ እስክስታ የለመደ ትከሻ፣ ዘፈን ሲሰማ ራሱ ይነሳል። ለእማ ነገርኳት።

“እግሩ የአባትሽ፣ ትከሻው የኔ። ታዲያ ቆርጬ ልጣልልሽ?”

ሳቅን።

እሑድ፣ ጁኞ 2

ቲታ የምታስተምርበት አዳራሽ ሞልቷል። ፓፓ በተሽከርካሪ ወንበሩ ፊት ለፊቴ። ጥሩ ሄደ... ጥሩ ሄደ... ትከሻዬ ነቃ። ራሴ ላይ ያለው ብርጭቆ ተገለበጠ፣ ውኃው በአንገቴ ወረደ። ሰው አጨበጨበልኝ፤ ለማጽናናት የሚጨበጨበውን ዓይነት።

ፓፓ መስኮቱን ያይ ነበር። ተንበርክኬ “እኔ ነኝ” አልኩት፣ በጣልያንኛም በአማርኛም። በደህናው እጁ ጸጉሬን ጨመቅ አደረገ። እርጥብ ስለሆነ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ጁኞ 6

ሄደ። ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ላይ አንድ ቀልድ እንኳ አልመጣልኝ አለ።

እሑድ፣ ጁኞ 9

ብርጭቆዎቼ ሁለት ናቸው። ቤቱን ገለባበጥኩት፤ ሦስተኛው የለም። ከሰዓት ቲታ ደወለች።

“የአባትሽን ጃኬት ላጥብ ብል ኪሱ ውስጥ ብርጭቆ፣ በካልሲ የተጠቀለለ። ያንቺ ሥራ ነው አይደል?”

“አይደለም፣ ቲታ።”

“አዎን፣ ኮምጣጤውም ያንቺ አልነበረም።”

ምን ብዬ ላሳምናት? አውቆ ነው የደበቀው? ወይስ እጁ ያገኘውን ነው? ማንን ልጠይቅ... እሱን?

“አሎራ፣ እንግዲህ አጥቤ ከዕቃዎቹ ጋር ላስቀምጠው” አለች።

“አትንኪው። እዚያው ኪሱ ውስጥ መልሺው፣ ቲታ።”

መቼ ሄጄ እንደምፈትሸው እንጃ።