ማክሰኞ ምርጫው እስኪዘጋ እንዳልቀበር

እኔ በርሜል ሠሪው ኦባዲያ ትራስክ፣ በኢንዲያና ግዛት የፕለም ክሪክ መንደር ነዋሪ፣ ዛሬ ዓርብ ኖቬምበር ፬ ቀን ፲፰፻፺፪ ዓ.ም. ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ በቦታው እንዳለ አስታውቃለሁ። ማስረጃውም እስከዚህች ሰዓት ሪፐብሊካን መሆኔ ነው። ቃሌን የሚጽፉት የአጥቢያው ዳኛ ሆሲያ ግሪግስ ናቸው። ኋላ «አላልኩም» የሚል እንዳይኖር፣ የሚያቋርጠኝን ሰው ቃል ሳይቀር እንዲጽፉ ለምኛቸዋለሁ።

ቤቴንና የበርሜል መሥሪያዬን ለልጄ ለታቢታ አውርሻለሁ። ዴሞክራት ማግባቷን ይቅር ብያታለሁ፤ ባሏ ስም አለው ይባላል። ግዴታዋ አንድ ነው፤ በርሜሎቼ በሂኮሪ ልምጭ እንዳይታሰሩ። ሂኮሪ የዴሞክራቶች ዛፍ ነው፤ በምርጫ ሰሞን የፓርቲያቸው ምሰሶ አድርገው የሚተክሉት እሱን ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአኻያ ልምጭ ሳስር ኖሬያለሁ።

«አባዬ፣ በአኻያ ያሰርካቸው እኮ ሁሉም ያፈሳሉ» አለች ታቢታ።

ያፈሳሉ። ነገር ግን ከነክብራቸው ያፈሳሉ።

ጎረቤቴ ሌሙኤል ፐርዲ በድንበራችን ላይ የተከለው ሂኮሪ ጥላው በረንዳዬ ላይ ያርፋል። በሙቀት ወራት ተጠቅሜበታለሁ፤ ይህ ግን ለፓርቲው እንደ ድጋፍ እንዳይቆጠርብኝ።

የምርጫ ሰልፍ ካባዬንና የቆርቆሮ ችቦዬን ለሪፐብሊካን ኮሚቴ መልሻለሁ። በፕለም ክሪክ እንደ እኔ የጮኸላቸው የለም። ድምፅ ግን ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሰጠኋቸውም። ምክንያቱ ይኸው ሌሙኤል ነው።

ሌሙኤል የሟች ሚስቴ ወንድም ነው፤ ከዴሞክራትነቱ በቀር ነውር የለበትም። በአገራችን ልማድ ሁለት ተቃራኒዎች «አንተም አትምረጥ፣ እኔም አልመርጥ» ብለው ይማማላሉ፤ ድምፃቸው እርስ በርሱ ይጣፋልና መንገዱ ይቀርላቸዋል። እኛም ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በመጀመሪያው ምርጫ ተማማልን። ስለማንተማመን ግን፣ ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ማክሰኞ ሁሉ ከማለዳ እስከ መዝጊያው ደወል በእኔ በረንዳ ተቀምጠን እንጠባበቃለን። እሱ የተቀቀለ እንቁላል ያመጣል፣ እኔ የዱባ ፓይ አቀርባለሁ። አንድ ጊዜ በሽንት ቤቱ መስኮት ሊያመልጥ ሲል ወገቡ ላይ ተቀርቅሮ አገኘሁት። ወንበሬን ወደዚያ ወስጄ እስከ ማታ ስንጨዋወት ዋልን፤ እንቁላሉንም እኔ አጎረስሁት።

ደወሉ ሲደወል ደህና እደር ሳንባባል ተነሥተን ወደየቤታችን እንገባለን። እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስም አንነጋገርም። ወገን ያለው ሰው እንዲህ ነው።

አሁን ሐኪሙ ማክሰኞን እንደማላያት ነግሮኛል። እኔ ከሞትሁ መሐላው ይፈርሳል፤ ሌሙኤልም እንደ ተፈታ ወይፈን ሮጦ ለዴሞክራቱ ዕጩ ለክሊቭላንድ ድምፁን ይሰጣል። ስለዚህ ምርጫው እስኪዘጋ እንዳልቀበር አዝዣለሁ። ኮፍያዬን አድርጋችሁ በረንዳው ላይ አስቀምጡኝ፤ ሌሙኤልም አጠገቤ ይዋል። ከዋለ፣ ሁልጊዜ ዓይኑን የሚጥልባትን ተወዛዋዥ ወንበሬን ይውሰድ።

«አባዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች ታቢታ።

«ሰው ለውጡን አያየውም» አለ ሌሙኤል፤ መታመሜን ሰምቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ሪፐብሊካን ድሮም እንደዚያ ነው የሚቀመጠው።»

ዳኛው ብዕራቸውን አቆሙ። «አንድ ችግር አለ፣ ኦባዲያ። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ አንዱ እኔ ነኝ። መንደሩ ሁሉ የየወገኑን የምርጫ ምሰሶ ሊተክል ወጥቷል፤ የቀረው ሌሙኤል ነው። የሚወርስ ሰው ደግሞ ምስክር አይሆንም።»

ካልፈረመ ኑዛዜዬ ከንቱ ነው። ከፈረመ ወንበሩን ያጣል፤ ወንበሩን ካጣ የሚያስቀምጠው ነገር የለም። እውነቱን ልናገርና፣ የደነገጥሁት ለፓርቲዬ ብዬ አልነበረም። ያቺን ማክሰኞ ብቻዬን እንዳልውል ፈርቼ ነው።

«ወንበሩን ይሰርዙት፣ ዳኛ» አለ ሌሙኤል። «እፈርማለሁ።»

«ያለ ወንበሩ ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል?» አልሁት።

«አንተ ሽማግሌ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለወንበር ብዬ የተቀመጥኩ መስሎህ ነው?»

«ይህንንም ይጻፉት፣ ዳኛ» አልሁ። ዳኛውም ጽፈዋል። ወንበሩ ተሰርዟል። የቀረው ቃሌ እንደ ተጻፈ ይጽና።

ተናዛዥ፦ ኦባዲያ ትራስክ፣ በገዛ እጄ።

ምስክር፦ ሆሲያ ግሪግስ፣ የፕለም ክሪክ አጥቢያ ዳኛ፤ ወገኔን አልናገርም።

ምስክር፦ ሌሙኤል ፐርዲ፣ ዴሞክራት። ከዚህ በላይ ያለው ሲነገር ሰምቻለሁ። ማክሰኞ እንቁላሉን ለሁለት ሰው እቀቅላለሁ። ደወሉ ሲደወል ወዲያው አልነሣም፤ ስነሣም ደህና እደር እለዋለሁ።